የቨርላ ችካል

ቨርላ ፔንሮዝ በሰባ አንድ ዓመቷ ዶማ ስታነሳ ያየ ሰው ወይ «አትችይም» ይላታል፣ ወይ «ላግዝሽ» ይላታል። ለሁለቱም መልሷ አንድ ነው፤ ዶማውን ደግማ ታነሳለች። ታስከር የኔቫዳ በረሃ መሀል የተቀመጠች፣ ሦስት መቶ ሰው የማይሞላባት ከተማ ናት። ከዚያ ሦስት መቶ ውስጥ ቨርላን ተከራክሮ የረታ አለ ቢባል የሚያምን አይገኝም።

ከከተማው በስተሰሜን፣ ተራራው ወገብ ላይ፣ አባቷ ጆሪ ፔንሮዝ የተከለው የማዕድን ይዞታ አለ። ስምንት ሄክታር ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ውስጥ አንድ ዋሻ አለ፤ ዋሻው ውስጥ ደግሞ የጣት ውፍረት ያላት ሰማያዊ የጌጥ ድንጋይ ሽንጥር አለች። ሽንጥሯ አንዳንዴ ትወፍራለች፣ አንዳንዴ ጭራሽ ትጠፋለች። ቨርላ እሷን ስትከተል ሃምሳ ዓመት ሆናት። ባል አግብታ ቀብራለች፤ ልጅ አልወለደችም። ሌላው ስለ ልጆቹ ሲያወራ እሷ ስለ ሽንጥሯ ታወራለች፤ ሰሚው ቢሰለችም ግድ አይሰጣትም።

መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ይዞታው የቨርላ ነው። ይህን ያደረገው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የወጣ ሕግ ነው። በመንግሥት መሬት ላይ ማዕድን ያገኘ ሰው ችካል ይተክላል፣ ስሙንና ቀኑን በወረቀት ጽፎ እዚያው ያኖራል፣ ያስመዘግባል፣ ከዚያ ይቆፍራል። ደጅ የሚጠናው ሹም የለም፤ ካወጣው ላይ ለመንግሥት የሚያካፍለው ነገርም የለም። በየዓመቱ መሥራት አለበት። መሥራቱን የሚገልጸው ወረቀት ደግሞ ከሴፕቴምበር አንድ ሳያልፍ ሬኖ ከተማ ላለው የመሬት ቢሮ መድረስ፣ በፖስታ ከተላከም እስከዚያው ቀን ድረስ ማኅተም ሊመታበት ይገባል። ያለፈበት ሰው ይዞታው ያለ ክርክር ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ቀድሞ ችካል የተከለ ይወስደዋል።

ጆሪ ወረቀቱን ያኖረው በትምባሆ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ቆርቆሮውን በሽቦ ችካሉ ላይ አሰረው። ችካሉ እየበሰበሰ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ቆርቆሮው ግን ዛሬም ያው ነው። ጆሪ ፖስታ ቤት አያምንም ነበር። «ፖስታ ለገና ካርድ ነው» ይል ነበር። ቨርላም የአባቷን እምነት ስለወረሰች፣ ወረቀቷን ሬኖ የምታደርስላት ጎረቤቷ አርሊን ሁፐር ነበረች። አርሊን ከተራራው ሥር ከብት የምታረባ፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከሾሾኒ የተወለደች ሴት ናት። በየዓመቱ ኦገስት ሲያልቅ ዓይኗን ለማሳየት ሬኖ ትሄዳለች። በዚያን ዕለት ጠዋት በቨርላ በር ላይ ፒካፗን አቁማ ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ትነፋለች። ቨርላ ፖስታውንና በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ሥጋና ድንች የታጨቀበት ትኩስ ፓስቲ ይዛ ትወጣለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። አንድም ቀን ወረቀቱ አልጠፋም፤ አንድም ፓስቲ ሬኖ አልደረሰም።

በዚህ ዓመት ግን ኦገስት አጋማሽ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ሕጉ ይሻሻል የሚል ሐሳብ ዋሽንግተን ላይ ተነስቷል፤ በመከር የሕዝብ አስተያየት ሰሚ ኮሚቴ ስለሚመጣ ከተማው አስቀድሞ ይምከርበት ተባለ። የትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ ሞላ። ሰብሳቢው የብረታ ብረት ሱቅ ያለው ኢምሆፍ ነበር፤ ድምፁ ያለ ማጉያ ሌላ አገር የሚሰማ ሰው ነው።

ቨርላ ተነሳች። «አባቴ እዚህ ሲመጣ ሀብቱ ጫማው ነበር፤ እሱም አንዱ ተቀዷል» አለች። «ባንክ በሩን ዘጋበት። ባለ ርስት በውሻ አባረረው። በሩን ያልዘጋበት ይህ ሕግ ብቻ ነው። ድሃ ሰው ማንንም ሳይለምን በገዛ ጉልበቱ ተራራ የሚይዝበት ሕግ ሌላ የት አለ? አይነካ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ኢምሆፍ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ አርሊን ከኋላ ወንበር ተነሳች።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ» አለች። «ጆሪ ችካሉን ሲተክል ማንን ጠየቀ?»

«ሕጉን ነዋ» አለች ቨርላ።

«ሕጉስ ማንን ጠየቀ?»

አርሊን ቀጠለች። «የኛ ሰዎች ይህን አገር አልሸጡም። ሕጉ ሲወጣ ቅድመ አያቴ እዚያው ተራራ ላይ የጥድ ፍሬ ትለቅም ነበር። ጎንበስ ብላ ስለነበር አላዩዋት ይሆናል።»

ከፊት የተቀመጡት ሳቁ። ቨርላ ፊቷ ጋለ። «አባቴን ሌባ ልትዪው ነው?»

«እኔ አላልኩም። ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ሁለቱ ሴቶች አርባ ዓመት ተጎራብተዋል። ቨርላ ባሏ በሞተ ሰሞን አርሊን ናት ሳምንት ሙሉ አጠገቧ ያደረችው። ከአዳራሹ ሲወጡ ግን ሳይተያዩ ወጡ።

ኦገስት አለቀ፤ አርሊን ሬኖ የምትሄድበት ዕለት ደረሰ። ፒካፗ በቨርላ በር ላይ ቆመ፤ ጡሩንባው ሁለት ጊዜ ተነፋ። ቨርላ ፖስታውን በእጇ ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ነበር። አልወጣችም። ጡሩንባው ሦስተኛ ጊዜ ተነፋ፤ ይህ በሃያ ሁለት ዓመት ሆኖ አያውቅም። አሁንም አልወጣችም። አርሊን ትንሽ ቆየችና ሄደች። ቨርላ በውስጧ «አባቴን የሰደበ እጅ የአባቴን ወረቀት አይነካም» አለች። እውነቱን ለመናገር ግን እልህ ነው እንጂ ሌላ አልነበረም፤ እሷም ታውቀዋለች።

እንደ አባቷ እስከ መጨረሻው ቀን ስትቆፍር ሰነበተችና ሴፕቴምበር አንድ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ያንን የማታምነውን ፖስታ ቤት ሄደች። የፖስታ መኪናው ከሄደ አንድ ሰዓት ሆኖታል፤ መስኮቱም ተዘግቷል። ቨርላ ይህን አልጠየቀችም። ፖስታውን ሳጥኑ ውስጥ ጥላ እጇን አራገፈችና ሄደች። ሰኞ የሠራተኞች በዓል ነበር። ወረቀቱ ቅዳሜን፣ እሑድንና ሰኞን ሳጥን ውስጥ አሳልፎ ማክሰኞ ማኅተም ተመታበት። ማኅተሙ ሴፕቴምበር አምስት ይላል።

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ዋሻዋ ደጃፍ ተቀምጣ ምሳዋን ስትበላ፣ አንድ ሰው ካርታ ይዞ ሽቅብ ሲመጣ አየች። ዶይል ነበር። ዶይል ድሮ ከባሏ ጋር ጉድጓድ ውስጥ አብሮ የሠራ፣ አሁን ግን ወርቅ ለሚፈልጉ ኩባንያዎች በኮንትራት ችካል የሚተክል ሰው ነው። ባርኔጣውን አወለቀ።

«እትዬ ቨርላ፣ ደህና ነዎት?»

«ምሳዬን እስክጨርስ ደህና ነኝ። ምን እግር ጣለህ?»

ዶይል መሬት መሬት አየ። «ዝርዝሩ ላይ ይዞታዎ ተዘግቷል ይላል። ወረቀቱ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ደብዳቤ አልመጣልዎትም?»

ቨርላ የቀረ ምሳዋን መልሳ ጠቀለለችው። «አልመጣልኝም።»

«ይመጣል። መዝጋት ላይ ፈጣን ናቸው፣ መንገር ላይ ነው ዳተኞቹ።» ካርታውን ዘረጋው። ሸለቆው በሙሉ በቀይ እርሳስ በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሏል። «ኩባንያው አርባ ችካል አዟል። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ከላይ ወደ ታች እተክላለሁ። ዛሬ የመጣሁት መንገዱን ለማየት ነው። ዛሬ ምንም አልተክልም።» የመጨረሻዋን ነገር ሁለት ጊዜ ተናገራት። «ዛሬ ምንም አልተክልም፣ እትዬ።»

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ድስት ጥዶ ማልቀስ ምን ይፈይዳል? ቨርላም አላለቀሰችም። ያን ሰዓት የተሰማት ለቅሶ ሳይሆን ንዴት ነበር፤ ንዴቱም በዶይል ላይ ሳይሆን ከመጋረጃ ኋላ በቆመችው ሴት ላይ ነበር። ዶማዋን ግድግዳ አስደግፋ ቁልቁል ወረደች። ከመጋዘኗ አንድ ደህና እንጨት መረጠች፣ ጫፉን አሾለች፣ ወረቀት አውጥታ ስሟን፣ ቀኑንና ልኩን ጻፈች። አመሻሽ ላይ ጸሐይ ገና ከተራራው በላይ እያለች የአባቷን በስባሽ ችካል ነቅላ የራሷን በመዶሻ ቀጠቀጠች። ቆርቆሮውን በአዲስ ሽቦ አሰረች። ዝንጀሮ መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ይባላል። የሃምሳ ዓመት ድካሟ ከሁለት ሳምንት በላይ የማንም ነበር፤ አሁን መልሶ የሷ ሆነ። ፈቃድ የጠየቃት የለም፤ ይህን ለማድረግ የፈጀባት አንድ ከሰዓት ነው።

ያኔ ነው የዶይል ካርታ ትዝ ያላት። የመጨረሻዎቹ ቀይ ሳጥኖች ያረፉት የአርሊን ከብቶች የሚጠጡበት ምንጭና የጥድ ፍሬ የሚለቀምበት ዳገት ላይ ነበር፤ ያም የመንግሥት መሬት ነው።

ቨርላ በማግስቱ በማለዳ የአርሊን ግቢ ደረሰች። አርሊን ባልዲ ይዛ ከበረቱ ወጣች። አላሳለፈቻትም፤ አልመለሰቻትምም።

«ኩባንያው ምንጭሽ ላይ ችካል ሊተክል ነው» አለች ቨርላ። «አሁን ከተነሳን እንቀድመዋለን። እንጨት ይዣለሁ፣ ወረቀትም ይዣለሁ። ስምሽን ጻፊበት።»

አርሊን ባልዲውን አስቀመጠች። «እኔ? የገዛ አያቶቼ ምንጭ ላይ፣ በነጠቀን ሕግ፣ ‹ዛሬ አገኘሁት› ብዬ ልጻፍ?»

«እሺ በኔ ስም ይሁን። እኔ እይዝልሻለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አንዱ ችካል መች ለቀቀኝና ነው ሁለተኛ የምትተክዪብኝ?»

«ታዲያ ዝም ብለሽ ልታዪ ነው?»

«ሰው ሆኜ ቆሜ አያለሁ። ቢያንስ ጎንበስ ብላ ነበር አይሉም።»

ቨርላ እንጨቱን ፒካፗ ላይ መልሳ ጣለችና ከአርሊን ጎን ቆመች። ምን እንደምታደርግ አላወቀችም፤ መሄድ ግን አልቻለችም። ወደ እኩለ ቀን ግድም ዶይል ደረሰ። ከገንዳው ሃያ እርምጃ ርቆ ችካሉን አቆመ። ሁለቱን ሴቶች ሲያይ መዶሻው እጁ ላይ ከበደው።

«እኔ መቀጥቀጥ ብቻ ነው ሥራዬ» አለ ማንም ሳይጠይቀው።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» አለች ቨርላ። «ቀጥቅጥ እንግዲህ።»

ዶይል ቀጠቀጠ። አርሊን አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ እጇን አጣጥፋ መዶሻው ስንት ጊዜ እንደወረደ የምትቆጥር ትመስል ነበር። ላሞቹ እንኳ ቀና ብለው አላዩም። ቨርላ ያንን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ትወደውም ነበር። አባቷ ችካል ሲቀይር አጠገቡ ቆማ «አሁን የኛ ሆነ» ትል ነበር። ያን ቀን ግን አጠገቧ የቆመችውን ሴት ፊት እያየች ሰማችው። አፈረች። ከዚያ በፊት በአባቷ ነገር አፍራ አታውቅም፤ ስለዚህ ኀፍረቱን የት እንደምታደርገው ቸገራት።

«ይቅርታ» ማለት ይችሉበታል ከሚባሉት ሰዎች አይደለችም ቨርላ። ቤቷ ገብታ ሦስት ሳምንት አሰበች፤ ኦክቶበር ላይ መዶሻዋን ይዛ ወጣች።

ታስከር ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ቲ አላት፤ በእንግሊዝኛ የስሟ መጀመሪያ ፊደል ነው። ድንጋይ ተደርድሮ የተሠራ ሲሆን በየዓመቱ የሚመረቁት ተማሪዎች ኖራ ይቀቡታል። ከተማው ቤተ ክርስቲያኑ ቢፈርስ ያዝናል፤ ቲው ላይ አንድ ድንጋይ ቢነቃነቅ ግን ሌሊቱን አይተኛም።

ሰሚ ኮሚቴው ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ደረሰ፤ አዳራሹ እንደገና ሞላ። ከዋሽንግተን የመጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የመሯቸው አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴት ነበሩ። ኢምሆፍ «ሕጉ የአባቶቻችን ነው፤ አይነካ» ብሎ ተጨበጨበለት። ከሱ ቀጥሎ ቨርላ ተጠራች። ሰዉ ገና ሳትናገር ማጨብጨብ ጀመረ። እጇን አንስታ አስቆመችው።

«ቆይ፣ አትቸኩሉ» አለች። ከኪሷ አንድ የትምባሆ ቆርቆሮ አውጥታ ወረቀቱን ዘረጋችና አነበበች። «እኔ ቨርላ ፔንሮዝ ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ሰማያዊ የጌጥ ድንጋይ አግኝቼ ይዞታ ይዣለሁ። ርዝመቱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ጫማ፣ ስፋቱ ስድስት መቶ ጫማ ነው። የይዞታው ስም፦ ጎንበስ ያለችው ሴት።» ወረቀቱን አጠፈች። «ይህ ግልባጩ ነው። ዋናው ችካሉ ላይ አለ።»

ኢምሆፍ ከወንበሩ ተነሳ። «ቨርላ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ቲው ነው።»

«አዎ፣ ቲው ነው።»

«ቲውማ የኛ ነው።»

«መሬቱ የመንግሥት ነው። ይዞታ ያስመዘገበ አለ ወይ ብዬ የወረዳው መዝገብ ቤት ሄጄ አይቻለሁ። የለም።»

«እዚያ ላይ ምን ማዕድን አለ?» አለ አንድ ሰው ከመሀል።

ቨርላ በአንድ ወገኑ ኖራ የተቀባ፣ በሌላው ሰማያዊ ቅርፊት የያዘ ድንጋይ አውጥታ ኮሚቴው ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ከቲው እግር ሥር ነው። ትንሽ ነው፤ ግን አለ። የሌለ ነገር አለ ብዬ ችካል ተክዬ አላውቅም።»

አዳራሹ ተረበሸ። አንዲት እናት ልጃቸው ዘንድሮ እንደቀባው ተናገሩ። «እኔም በአሥራ ስምንት ዓመቴ ቀብቼዋለሁ» አለቻቸው ቨርላ። አንዱ «አበደች» አለ። ሌላው «ፓስቲዋን አብዝታ በልታ ነው» አለ። ኢምሆፍ ግን አልሳቀም። የአያቱ እጅ የደረደረው ድንጋይ ነው። ፊቱ ቀልቶ ድምፁ አዳራሹን ሞላው።

«ማንን ጠይቀሽ ነው?»

ቨርላ ይህችን ጥያቄ ነበር የምትጠብቀው። ፊቷን ወደ ኋላ ወንበሮች መለሰች። አርሊን እዚያ ተቀምጣለች።

«ሕጉን» አለች ቨርላ።

አርሊን ሳትነሳ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ሕጉስ ማንን ጠየቀ?» አለች።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ቁናው ግን እስኪደርስባቸው ድረስ ማንም ልኩን አላየውም ነበር። ኢምሆፍ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

መነጽር ያደረጉት ሴት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ ፔንሮዝ፣ ሕጉ ይሻር ነው የሚሉት?»

«አይሻር። አባቴን ያስገባው በር አይዘጋ፤ እንደሱ ያለ ድሃ ነገም ይመጣል። ግን አርባ ችካል ይዞ የሚመጣውም በዚያው በር ነው የሚገባው፤ ካወጣው ሳያካፍል፣ ምንጭ ላይም ይሁን ቲ ላይ። ሰው ባለበት ቦታ ከመትከሉ በፊት ያ ሰው ይጠየቅ። አይሆንም የሚል መልስም መልስ ይሁን። አሁን እሱ የለም። እኔ አሮጊቷ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ እንጨትና በአንድ ቆርቆሮ የከተማችሁን ስም ወስጃለሁ።»

«ሕጉ እርስዎ እንዳሉት ቢሻሻል የአባትዎ ይዞታም ሊቀር ይችላል። ይህን አስበውበታል?»

ቨርላ ዋሻዋን፣ ሽንጥሯን፣ ግድግዳ ተደግፋ የቀረችውን ዶማ አሰበች። «ሦስት ሳምንት አስቤበታለሁ» አለች። «እኔ ሳልጠይቅ የያዝኩት ከጸና፣ ሌላው ይጠይቅ ማለት አልችልም።»

ማንም አላጨበጨበም። ቨርላ ቆርቆሮዋን አንስታ በመሀላቸው አልፋ ወጣች፤ በዚያው ኮረብታው ላይ ወጥታ ችካሉን ነቀለችው። በማግስቱ ኢምሆፍ ሄዶ ጉድጓዱን ራሱ ደፈነው ይባላል።

እሷ ግን በማግስቱ ጠዋት ሌላ ጉዳይ ነበራት። ፒካፗን አርሊን በር ላይ አቁማ ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ነፋች። የወጣ የለም። ሦስተኛ ነፋች። ቆየት ብሎ በሩ ተከፈተና አርሊን ክንዷን አጣጥፋ ደጃፉ ላይ ቆመች። ቨርላ ከመኪናዋ ወረደች። በአንድ እጇ ትኩስ ፓስቲ፣ በሌላው ከተራራው ያወረደችውን የአባቷን የትምባሆ ቆርቆሮ ይዛለች። ቆርቆሮውን ዘረጋችላት።

«ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለች። «ተራራው ላይ ልሥራ ወይ?»

አርሊን ቆርቆሮውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «ሰባ ዓመት ዘግይተሻል።»

«ፖስታ ቤቱ ነው።»

አርሊን ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ግን አልሳቀችም። ፓስቲውን ተቀበለች፣ ቆርቆሮውን በብብቷ ያዘች፣ ምንጩ አጠገብ የቆመውን የኩባንያውን ችካል ዞር ብላ አየች። «ችካል ለተከለ ሰው ለማስመዝገቢያ ስንት ቀን ነው ሕግሽ የሚሰጠው?»

«ዘጠና።»

«እንግዲያው ዘጠና ቀን ስጪኝ። ላስብበት» ብላ በሩን ዘጋች።

ቨርላ «እሺ» ያለችው ለተዘጋው በር ነው። ተራራው ላይ ወጥታ ዶማዋን አወረደች፣ መጋዘን አስገብታ ቆለፈችበት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ በቀን መቁጠሪያዋ ላይ ዘጠናኛውን ቀን ፈልጋ በእርሳስ ከበበችው፤ ያ ቀን እስኪደርስም ድንጋይ አልነካችም።